ሰው የሚገባበት ኢንስታሌሽን ስትሰሩ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አዳራሽ ተፈቅዶልን ከጓደኞቼ ጋር ስለ ሰውና ተፈጥሮ ኢንስታሌሽን (ቦታው በሙሉ ስራው ሆኖ ሰው ውስጡ የሚገባበት የጥበብ ስራ) ሰርተን ነበር፣ እዛ የሳትነውን ነገር አሁን የምትጀምሩ ልጆች እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምፅፈው።

የመጀመሪያው፣ ተፈጥሮ ሲባል ሩቅ ማየት። እኛ ግድግዳውን በሙሉ በፕሮጀክተር ጫካና ፏፏቴ አደረግነው፣ ሰው ገባ፣ ሰልፊ ተነሳ፣ ወጣ። በቃ። ትንሽ ወረድ ብትሉ እኮ ግንፍሌ አለ፣ ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን የምንይዝበት ወንዝ፣ የኛና የተፈጥሮ ነገር ያለው እዛ ነው! ባህር ዛፉም አለላችሁ፣ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ መጥቶ ማገዶ ያጣችውን ከተማ ያተረፈ ዛፍ፣ ዛሬ ደግሞ ውሃ መጠጠብን እያልን የምንወቅሰው።

ሁለተኛው "አትንኩ" ማለት ነው፣ እኔን በጣም የቆጨኝም ይሄ ነው። ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን ዙሪያውን ገመድ ወጠርንበት። አንዲት እናት ገመዱ ጋ ቆሙና "ልጄ፣ ቄጠማ ይረገጣል እንጂ ይታያል እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሽታው የሚወጣው እኮ ሲረገጥ ነው። ገመዱን ፈታነው፣ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ከዛ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ከግሪንላንድ 12 ትልልቅ የበረዶ ቋጥኝ አምጥቶ ኮፐንሃገን አደባባይ ላይ ሲያስቀምጥ ሰው እንዲነካው ነው፣ በእጁ ስር ሲቀልጥ እንዲሰማው።

ሌላው ለስራው ተብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ፎምና የፕላስቲክ አበባ ገዝቶ ሲያልቅ ገንዳ ውስጥ መጣል። ስለ ተፈጥሮ እያወራን ቆሻሻ ጨመርን ማለት ነው፣ ያሳዝናል። ችግኝ ከነ ፕላስቲኩ ተዋሱና መልሱ። እዚሁ አዲስ አበባ ዞማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ፣ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ምን እንደሰሩ።

እርጥብ አፈርና የኤሌክትሪክ ገመድ አታቀራርቡ፣ ቄጠማውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ ይጠወልጋል።

መብራትን አምኖ መስራትም ስህተት ነው። በሁለተኛው ቀን ጠፋብንና ፕሮጀክተሩም የተቀዳው የወፍ ድምፅም ቀጥ አለ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሰው አልወጣም፣ ጨለማው ውስጥ ቄጠማው ላይ ቁጭ ብሎ ውጭ የጀመረውን ዝናብ ይሰማ ነበር።