የክት ልብስ ሳይለበስ እንዳያልቅ፦ ክረምት ሲወጣ ቁም ሳጥን ማጽዳት

ቁም ሳጥን ለማጽዳት ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ያለው ነው። ክረምቱ እርጥበቱን አስገብቶ ጨርሷል፣ ፀሐይዋም ብቅ ማለት ጀምራለች። በጥር ብትከፍቱት ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። በነሐሴ ግን በሩን ገና ስትከፍቱት አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

እናቴ ያሠራችልኝ ነጭ ነጠላ ነበረኝ። ለፋሲካ ለበስኩትና "አንድ ቀን ብቻ አይደል" ብዬ ሳላጥበው አጥፌ አስቀመጥኩት። ለእንቁጣጣሽ ሳወጣው እጥፋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ መስመር ተሰምሮበታል፣ አንገት የሚነካው ቦታ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ላብና የሰውነት ቅባት ልብስ ላይ ሲቀር ያን ቀን አይታይም፣ ወራት ሲቆይ ነው የሚቢጨው። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ አንዴም የተለበሰ ቢሆን ሳይታጠብ የሚቀመጥ ልብስ የለኝም።

አሁን ወደ ሥራው። ፀሐይ ያለበት ጠዋት ምረጡና ያለውን ሁሉ አልጋ ላይ አውጡ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ የሚባል ነገር አይሠራም፣ ምክንያቱም ሦስት ተመሳሳይ ጥቁር ሱሪ እንዳላችሁ የምታውቁት አንድ ላይ ሲደረደሩ ነው። ባዶውን ሳጥን አቼቶና ውኃ በነካ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጀርባውንም አትርሱ። በሩን ከፍታችሁ እስኪደርቅ ተዉት። ሻጋታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀው ጀርባ ነውና ስትመልሱት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጉት፣ አየር ይግባበት። ታችኛው ጥግ ላይ ደረቅ ከሰል በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራችሁ አስቀምጡ፣ እርጥበትና ሽታ ይስባል።

መለየቱ ላይ "ዓመት ያልለበስከውን ስጥ" የሚለው ምክር ለእኛ ቤት አይሆንም። የሐበሻ ቀሚስ በዓመት ሁለቴ ሊለበስ ይችላል፣ የለቅሶ ጥቁር ደግሞ ምነው ባልተለበሰ የሚያስብል ነው፣ ግን ከቤት አይጠፋም። እኔ የማደርገው ልብሱን መልበስ ነው። ልበሱት፣ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ከዚያ "ዛሬ በዚህ ከቤት እወጣለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አልወጣም ካላችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ዚፑ ከሆነ ወደ ልብስ ሰፊ ይሂድ። ጠቦ ከሆነ ለሚሆነው ሰው ይሰጥ፣ "ስከሳ እለብሰዋለሁ" ተብሎ አራት ዓመት የተቀመጠ ሱሪ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሊለብሰው ይችል ነበር።

በጣም የሚከብደው ከውጭ የተላከው ነው። እህት ከ23 ኪሎ ሻንጣዋ ላይ ቦታ ፈልጋ ያመጣችው ጃኬት ልክ ባይሆንም እንዴት ይሰጣል? ሆድ ይባባል። ግን እሷ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመችው እንዲለበስ ነው። ለአክስት ልጅ ስጡት፣ ለብሶት ፎቶ ይነሳና ይላክላት። ደስ ይላታል፣ እኔ ሞክሬ አይቻለሁ።

ብል ላይ ትንሽ ልቆይ። ልብስ የምትበላው የምትበረዋ ትንሽ የእሳት እራት ሳትሆን እጯ ናት፣ የምትወደውም ሱፍና ሐር ነው። ንጹሕ ጥጥ ብዙም አትነካም፣ ላብ ወይም ወጥ የነካው ከሆነ ግን እሱንም አትምርም። ስለዚህ የሱፍ ኮትና ሹራብ ስታወጡ ኮሌታውን ገልብጣችሁ፣ ብብቱንና ኪሱን ከፍታችሁ ብርሃን ላይ እዩ። የመርፌ ራስ የሚያህል ቀዳዳ ካያችሁ ልብሱን ብቻውን ለዩትና አራግፉት፣ ቦርሹት፣ ፀሐይ ላይ አውሉት። ፍሪዘር ካላችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ማስገባት እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ናፍታሊን ይሠራል፣ እኔ ግን ሕፃን ባለበት ቤት አልመክረውም። ልጅ ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል፣ ትነቱ የገባበት ልብስም አንዳንድ አራስ ልጆችን ደማቸውን ሊጎዳ ይችላል።

የሐበሻ ልብስ የራሱ ሥርዓት አለው። በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ቀለሙ የሚለቅ ጥለት ካለው ነጩን ለብቻ እሹና ጥለቱን በመጨረሻ ቶሎ አለቅልቁት። አትጠምዝዙት። ስታሰጡት ጥለቱ ወደ ታች ይንጠልጠል፣ የሚለቀው ቀለም በነጩ ላይ እንዳይወርድ። በረኪና አታስጠጉት። ጥልፉ ከባድ የሆነ ቀሚስ ማንጠልጠያ ላይ ሲከርም ትከሻው ይለጠጣል፣ የብረት ማንጠልጠያ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ነጩ ላይ ይቀራል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥፉት፣ በየጥቂት ወሩም አውጥታችሁ በሌላ መስመር እጠፉት።

ከልብስ ሰፊ ጋር የምታደርሱት ክምር ብዙ ሊያድን ይችላል። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ኮሌታው ይገለበጣል፣ ረጅም ሱሪ ያጥራል፣ ሰፊው ይጠባል። ግን ቀን ቁረጡለት፣ ካልሆነ ፌስታሉ በር ሥር ወር ይከርማል።

የሚሰጠውን አጥባችሁ፣ ቁልፉን ተክላችሁ ስጡ። ኪሱን ፈትሹ፣ መታወቂያ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟልና ሰፋ ያለና ሙቅ ልብስ እዚያ ይጠቅማል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ደውላችሁ ጠይቁ። ለልዋጭ የምሰጠው ለሰው የማይሆነውን ብቻ ነው። ደህና ኮት ሰጥቶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ መቀበል አይዋጥልኝም።

ስትመልሱ የአዘቦቱን ከፊት፣ የክቱን ከኋላ ነው የለመድነው። እኔ ዘንድሮ ቀላቅዬ ሰቀልኩት። ለክት ብዬ ሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት ሰማያዊ ሸሚዝ ሁለቱ የሥራ ሸሚዞቼ መካከል ነው ያለው፣ ማክሰኞ ለብሼው ወጣሁ።