ኮድ ሲያይ የዋለ ዓይን ማታ መጽሐፍ እንዲያነብ

ባለፈው ማታ አንድ ወፍራም ልቦለድ ይዤ ተጋድሜያለሁ። መሃሉ ላይ አንድ ሰውዬ በር አንኳኩቶ ገባ። ስሙን የሆነ ቦታ አግኝቼዋለሁ። ግን ማን ነበር? ይሄኔ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ኮንትሮል ኤፍ (ኮምፒውተር ላይ ቃል መፈለጊያውን ቁልፍ) ሊጫኑ ገጹ ላይ ዘርጋ አሉ። ወረቀት ላይ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን ትንሽ ደነገጥኩ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮድ እጽፋለሁ፣ የሌሎችን ኮድ አያለሁ፣ ሰርቨር ሲወድቅ ሎግ (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ገብቼ እበረብራለሁ። መጽሐፍ ደግሞ ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ እወዳለሁ። ሁለቱ ተስማምተው የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር፤ ያው ሁለቱም ማንበብ አይደል? አይደለም።

ቀኑን ሙሉ የምናደርገው አደን ነው። አሥር ሺህ መስመር ሎግ ይከፈትና አንዲት «ኤረር» የምትል ቃል ትፈለጋለች፤ የቀረው ሁሉ ገለባ ነው። ግሬፕ የሚባለውን የፍለጋ ትእዛዝ የማያውቅ የዩኒክስ (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ሰው የለም። ስሙ የመጣው ኢዲ ከሚባል የድሮ ኤዲተር ትእዛዝ ሲሆን፣ በደፈናው «ፋይሉን ሁሉ ፈትሽና የሚገጥመውን መስመር አትም» ማለት ነው። የእኛም ዓይን ከጊዜ ብዛት ግሬፕ ሆኗል። ድረ ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ይሄ የፕሮግራመር ብቻ አመል አይደለም፤ በ2006 (በአውሮፓውያን) የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ሲያሳይ፣ ሰዉ ገጹን በብዛት የሚቃኘው በላቲኑ ኤፍ ቅርጽ ነበር፦ ከላይ አንድ ረጅም መስመር ወደ ጎን፣ ዝቅ ብሎ አጠር ያለ ሌላ፣ ከዚያ የግራውን ጠርዝ ይዞ ቁልቁል። ልቦለድ እንደዚህ ካነበባችሁ ማን እንደሞተ ታውቃላችሁ። አታዝኑም እንጂ።

ስለዚህ በዓመት መቶ መጽሐፍ ስለማንበብ የምነግራችሁ ነገር የለኝም። የምነግራችሁ ከአደን የተመለሰ ዓይን እንዴት የእግር ጉዞ እንደሚጀምር ነው።

መጀመሪያ፣ ላፕቶፑን እንደዘጋችሁ ወዲያው መጽሐፍ አትክፈቱ። እኔ ለዓመታት እንደዛ እያደረግሁ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። መሃል ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ፊደል የሌለበት ነገር ይግባ። ዕቃ እጠቡ፣ ልብስ እጠፉ፣ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ፣ የፈለጋችሁትን። ስልክ ማየት ግን እረፍት አይባልም፤ እሱ አደኑን በትንሽ ስክሪን መቀጠል ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ነው፤ አመሻሽ ላይ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ የሚመስለው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት የ20-20-20 ዘዴ አለ፦ በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) ርቆ ያለ ነገር፣ ለ20 ሰከንድ ማየት። ሥራ ሲጦፍ ማን ያስታውሰዋል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ግማሹን ጊዜ እረሳዋለሁ። ያስታወስኩበት ቀን ግን ማታ የማነብበት ዓይን ይተርፈኛል።

ከዓይን የሚብሰው ጭንቅላት ነው። ያልተፈታ ባግ (የኮድ ስሕተት) ይዞ መጽሐፍ መክፈት ከንቱ ድካም ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ እናት ልጇን ልትቀብር ስትሄድ እናንተ ስለ ዳታቤዝ ኮኔክሽን ታስባላችሁ። እኔን የረዳኝ ከወንበሬ ከመነሳቴ በፊት ሁለት መስመር መጻፍ ነው። አንዱ የት እንደደረስኩ፣ ሌላው ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምሞክረው ነገር። በወረቀት ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ፋይል ላይ ከጻፋችሁት «እስቲ አንዴ ብቻ ልሞክረው» ብላችሁ እዚያው ትቀራላችሁ። ጭንቅላቴ ባጉን የሙጥኝ የሚለው እንዳይረሳው ፈርቶ ነው መሰለኝ፤ ተጽፎ ሲያየው ይለቀዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን ይለቀዋል።

አሁን መጽሐፉ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ቤት ውስጥ ሰው ካለ በሹክሹክታ ይሁን፤ ከንፈር ግን ይንቀሳቀስ። ይሄ ምክር ለአማርኛ አንባቢ ከማንም በላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዋና» የሚለው ሲላላ ውኃ ውስጥ ይጨምራችኋል፣ ሲጠብቅ የነገሩ ራስ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል። ኮድ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር ቢኖር ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አብዶ ይሞት ነበር! አማርኛ ግን የቀረውን አንባቢው ይሞላልኛል ብሎ በእምነት ነው የሚጻፈው፤ ዝም ብሎ የሚቃኝ ዓይን ደግሞ አይሞላም፣ ያልፋል። አንድ ገጽ ድምፅ ስታወጡ ፍጥነታችሁ ወደ አፍ ፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ብታነቡም ያው እርጋታ ለጥቂት ገጽ አብሯችሁ ይቆያል። ሲጠፋ ደግሞ አንድ አንቀጽ ድምፅ ማውጣት ነው። ግጥም ከሆነ እስከ መጨረሻው በድምፅ፣ ድርድር የለም።

በምን ላይ ነው የሚነበበው የሚለው ክርክር ብዙ አይመቸኝም፤ የኮምፒውተር ሰው ስለ ዕቃ ማውራት ከጀመረ አያቆምም። አጠር ላድርገው። ወረቀት ካገኛችሁ ወረቀት። ካልሆነ የኤሌክትሮኒክ ቀለም ያለው ማንበቢያ፣ ማለትም ኢ-ኢንክ። እዚያ ስክሪን ውስጥ ያሉት ከዓይን የሚሰወሩ እንክብሎች ናቸው፤ በውስጣቸው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ፣ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ከዚያ ገጹ እስኪቀየር ድረስ ምስሉን ለማቆየት ጉልበት አይፈልግም። ባትሪው ለሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ገጽ ሲቀይር ይንቀራፈፋል፤ ሰው ያማርርበታል፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ጠባዩ እሱ ነው። እንደልብ ስክሮል ማድረግ አይመችም። ጥሩ!

ስልክ ላይ ማንበብ የግድ ከሆነ፣ ችግሩ ከብርሃኑ ይልቅ ጎረቤቶቹ ናቸው። በአንድ ጣት ርቀት የሥራ ቻት፣ ዜናና ቪዲዮ ተደርድረዋል። ኤሮፕሌን ሞድ አድርጉት። «ከሥራ ቢፈልጉኝስ?» ለሚል፣ ተረኛ ካልሆናችሁ አይፈልጓችሁም፤ ተረኛ ከሆናችሁ ደግሞ ይደውላሉ፣ ያን ሳምንት ወፍራም መጽሐፍ ተዉትና አጫጭር ልቦለዶች ያዙ። ዶናልድ ክኑዝ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ስሙ ቀድሞ ከሚጠራ ሰው አንዱ፣ ኢሜይል መጠቀም ያቆመው ከጥር 1 ቀን 1990 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ ነው፤ ሥራው ረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ማጥናት ስለሚጠይቅ። እኛ ሥራ ስላለን ያን ያህል አንደፍርም። ለአንድ ሰዓት ግን ይቻላል።

ፋይል ለምትጠቀሙ አንድ የሙያ ምክር። ፒዲኤፍ የገጹን መጠን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ወዲህና ወዲያ መጎተት ነው። ኢፐብ የሚባለው የመጽሐፍ ፋይል ግን ከስክሪኑ ጋር ይታጠፋል። ለማወቅ ለጓጓ፣ የኢፐቡን የስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ለውጡና ፍቱት፤ ውስጡ ምዕራፎቹ የኤችቲኤምኤል ገጽ ሆነው ተቀምጠዋል፣ አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ማለት ናት። የአማርኛ ፋይል ሲሆን ደግሞ አስቀድማችሁ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ) ውስጥ የገባው በ1999 (በአውሮፓውያን) በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ኢፐብ ለመቀየር አትድከሙ፣ እንዳለ አንብቡት።

ማስጠንቀቂያ ላስገባ፣ ከራሴ ጉድ። አንድ ጊዜ ያነበብኳቸውንና ላነብ ያሰብኳቸውን መጻሕፍት የሚመዘግብ ፕሮግራም ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ዳታቤዝ ሠራሁለት። መፈለጊያ ሠራሁለት። በየወሩ ስንት ገጽ እንዳነበብኩ የሚያሳይ ግራፍም ጨመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ግራፉ ሲያልቅ ደግሞ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ያነበብኩትን ገጽ በትክክል አሳየኝ፦ ዜሮ። መሣሪያ ማስተካከል ለእኛ ጣፋጭ ነው፣ ሥራ ይመስላል፣ ፍቅርም ይመስላል። መደርደሪያ ማስዋብ፣ የፎንት መጠን መነካካት፣ የትኛው መተግበሪያ ይሻላል እያሉ ማወዳደር፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ፎንቱን አንዴ አስተካክሉና እጃችሁን አንሱ።

ቁጥር ካላየሁ አላምንም ለምትሉ ደግሞ ሒሳቡ አጭር ነው። በቀን 10 ገጽ በዓመት 3,650 ገጽ ይሆናል፤ መጽሐፉ 300 ገጽ ነው ብንል 12 መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን 60 ገጽ አንብቦ ለሁለት ሳምንት ከመጥፋት 10 ይሻላል። ከዚህ በላይ አትቁጠሩ። መቁጠር ስትጀምሩ ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ።

የጀመሩትን መጽሐፍ የግድ መጨረስም ይቅርባችሁ። እኔ 50 ገጽ እሰጠዋለሁ፤ እስከዚያ ካልያዘኝ ያለ ጸጸት እዘጋዋለሁ። ነገሩ መጽሐፉ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፣ እኔ ስላልደረስኩበት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ዙር የያዙኝ ብዙ አሉ፣ አንደኛው ከስድስት ዓመት በኋላ።

የሙያ መጻሕፍትን በተመለከተ ሐሳቤ ግትር ነው፦ አልጋ ላይ አይነበቡም። ስለ ኔትወርክ ወይም ስለ አንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስረዳ መጽሐፍ በቀን፣ ኪቦርድ አጠገብ፣ ኮዱን በጣት እየጻፉ ነው የሚነበበው። ኮፒ አድርጎ መለጠፍም አይሆንም፤ ስትጽፉት ትሳሳታላችሁ፣ ስትሳሳቱ ይገባችኋል። ማታ ተጋድማችሁ ስታነቡት የገባችሁ ይመስላችኋል፣ ጠዋት ግን ምንም የለም፤ በዚያ ላይ የልቦለዱን ሰዓት በልቶታል።

አንድ ከሥራችን የሚጠቅም ልማድ ግን አለ፣ ኅዳግ ላይ መጻፍ። ጥሩ ኮመንት (ኮድ መሃል ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ) ኮዱ ምን እንደሚሠራ አይደግምም፣ ለምን እንደዛ እንደተሠራ ይናገራል እንላለን አይደል? መጽሐፍ ላይም እንደዚያው። «እዚህ ጋ ተጣሉ» ብላችሁ አትጻፉ፣ መጣላታቸውን ገጹ ይናገራል። «እዚህ ጋ ለምን ዝም አለች?» ብላችሁ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ ሐሳብ ይቀየራል። መጽሐፉ የተውሶ ከሆነ ቁራጭ ወረቀት አለ። የፊደል ግድፈት ስታገኙም አርሙት፣ ደስ ይላል። ያው ክኑዝ መጽሐፎቹ ውስጥ ስሕተት ቀድሞ ላገኘ አንባቢ የ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይጽፍ ነበር፤ 256 በሄክሳዴሲማል (በ10 ሳይሆን በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ) 100 ተብሎ የሚጻፍ ክብ ቁጥር ነው፣ የእኛ ሰው ቀልድ። ብዙዎቹ ቼኩን ከመመንዘር ይልቅ ግድግዳ ላይ መስቀሉን መርጠዋል።

ወደዚያ በር አንኳኩቶ ወደገባው ሰውዬ ልመለስ። ኮንትሮል ኤፍ የለም፣ ስም ግን ይረሳል፤ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ያለበት ልቦለድ ስጀምር አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፌ ዕልባት አደርገዋለሁ። አዲስ ሰው ሲገባ ስሙን፣ የገባበትን ገጽና ሲገባ ያደረገውን አንድ ነገር እጽፋለሁ። «ገጽ 41፣ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ።» «ገጽ 88፣ ዕዳውን ካደ።» የማን አጎት፣ የማን ጎረቤት እያላችሁ ዝምድና ብቻ ብትጽፉ ይምታታል፤ ሰው የሚታወሰው ባደረገው ነገር ነው። ይሄን ስነግራቸው ጓደኞቼ የመጽሐፍ ኢንዴክስ ሠራህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ምን ላድርግ፣ አመል ነው።

አሁን የያዝኩት መጽሐፍ ዕልባት ላይ አሥራ አራት ስም አለ። ሰውዬው የለበትም፣ ያኔ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ። ከምዕራፍ ሁለት ጀምሬ ወደ ኋላ ልፈልገው ገባሁ፣ ሳላገኘው ሠላሳ ገጽ ደግሜ አነበብኩ፣ እና በመጀመሪያው ንባቤ ጭራሽ ያላየሁትን አንድ ደብዳቤ አገኘሁ።