የድሮ ጀብዱ በአዲስ ሕግ፦ የዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትሞችን ማሻገር

ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተጫዋቾች ገጸ ባሕሪ ይዘው፣ በአንድ የጨዋታ መሪ እየተመሩ በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታተሙ ጀብዱዎቹ (አስቀድመው የተጻፉ የጨዋታ ታሪኮች) ዛሬም በፒዲኤፍ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም አሁንም ያጓጓሉ። ችግሩ የሚጀምረው ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕሪያቸውን በአምስተኛው እትም ሕግ ሠርተው ጠረጴዛው ላይ ሲቀርቡ ነው። ያኔ ኤሲ የሚባለው የመከላከያ ቁጥር 3 ሲሆን ከራሱ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ተዋጊን ያመለክታል፤ ዛሬ በዚያ ቁጥር የሚቀርብ ጭራቅ ሊሳት አይችልም ማለት ይቻላል። ስሌት ብቻ ሠርቶ ያሻገረ የጨዋታ መሪ ደግሞ ሌላ ጉድ ይገጥመዋል፤ ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ፍልሚያው ይበላሽበታል። እያንዳንዱ ቁጥር በድሮው ጨዋታ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

እትሙን መለየት

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አድቫንስድ የተባለው የመጀመሪያ እትም ሦስት ዋና መጻሕፍት ከ1977 እስከ 1979 ተከታትለው ታተሙ። ሁለተኛው በ1989፣ ሦስተኛው በ2000፣ 3.5 የሚባለው ማሻሻያ በ2003፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው በ2014 መጣ፤ የአምስተኛው ክለሳ መጻሕፍት ከ2024 ጀምሮ ወጥተዋል። ከአድቫንስድ ጎን ቤዚክ የሚባል ቀለል ያለ መስመርም ነበር።

ሽፋኑ ላይ ዓመት ካጣችሁ የጭራቁን መግለጫ አንብቡ። ታኮ የሚል ቁጥር (መከላከያው 0 የሆነን ለመምታት በዳይስ መውጣት ያለበት) ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው እትም ነው። ቻሌንጅ ሬቲንግ ከፎርቲቲውድ፣ ከሪፍሌክስና ከዊል ጋር ከተጻፈ ሦስተኛው ነው። ሚኒየን ወይም ሶሎ የሚል ምድብ ካገኛችሁ አራተኛው ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ጭራቁ በአንድ ሁለት መስመር ካለቀ፣ የመጀመሪያው እትም ወይም ቤዚክ በእጃችሁ ነው።

ጭራቆች

እስከ ሁለተኛው እትም ድረስ የመከላከያ ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን ይሻላል። ለመገልበጥ ከ20 ላይ ቀንሱት፤ 5 የነበረው 15 ይሆናል። በቤዚክ ግን ምንም ያልለበሰ ሰው 10 ሳይሆን 9 ስለሆነ ከ19 ላይ ቀንሱ። ታኮንም ከ20 ላይ ስትቀንሱት በዳይሱ ላይ የሚደመረው የጥቃት ጭማሪ ይወጣል፤ ታኮ 17 ማለት +3 ማለት ነው።

ይህን ስሌት በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ለማይገኙ ፍጡራን ብቻ አቆዩት። ስሙ በአዲሱ መጽሐፍ ያለውን ጭራቅ እንዳለ ከዚያው ውሰዱ። ኦገር የሚባለውን ግዙፍ ጭራቅ እንይ። በመጀመሪያው እትም መከላከያው 5፣ የሕይወት ነጥቡ በአማካይ 19፣ ጉዳቱ ከ1 እስከ 10 ነበር። በ2014ቱ መጽሐፍ መከላከያው 11፣ የሕይወት ነጥቡ 59፣ አንድ ምቱ በአማካይ 13 ነው። በድሮው ሕግ የአንደኛ ደረጃ ተዋጊ ያለ ምንም ጭማሪ ኦገርን ለመምታት በባለ 20 ገጽ ዳይስ 15 እና ከዚያ በላይ መጣል ነበረበት፤ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። የዛሬው ተዋጊ ብዙ ጊዜ በ+5 ስለሚጀምር 6 ከጣለ ይመታዋል፤ 75 በመቶ። አዲሱ ንድፍ ብዙ ምት ይፈቅዳል፣ ጭራቁም ብዙ ምት ይችላል። ድሮውን በስሌት ብቻ ካመጣችሁት ኦገሩ ለመመታት ይከብዳል፣ ሲመታ ግን በሁለት ሰይፍ ይወድቃል።

ብዛት

ተጫዋቾችን በብዛት የሚጨርሰው እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ነው። የድሮ ጀብዱዎች ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ገጸ ባሕሪ ላለው ቡድን የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ አራት ሰው ነው የሚቀመጠው። አንድ ክፍል ውስጥ 12 ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቆች) ተጽፏል እንበል። እያንዳንዱ ጎብሊን 50 የልምድ ነጥብ (ደረጃ ለማደግ የሚሰበሰብ ነጥብ) አለው። በ2014ቱ ሕግ ለአራት የአንደኛ ደረጃ ገጸ ባሕሪያት የ"ገዳይ" ፍልሚያ ወሰን 400 ነው። ከ3 እስከ 6 ጭራቅ ሲሆን ድምሩ በ2 ስለሚባዛ አራት ጎብሊኖች ብቻ ወሰኑ ላይ ያደርሷችኋል። 12ቱ በ3 ተባዝተው 1,800 ይሆናሉ። የ2024ቱ ክለሳ ማባዣውን ስላነሳ የከባዱ ፍልሚያ ጣሪያ ስምንት ጎብሊን ነው። እኔ ለአንደኛ ደረጃ ቡድን የ2014ቱን ቆጠራ እመርጣለሁ፤ የእርምጃ ብዛት ምን ያህል እንደሚጎዳ ያሳያልና።

ትርፎቹን ጎብሊኖች አትሰርዟቸው። ሦስት አራቱን በሩ ላይ አቁሙ፣ ሌሎቹን በአጎራባች ክፍሎች በትኑና ጩኸት ሲሰሙ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ እየተከፋፈሉ ይምጡ። የቤዚክን የሞራል ሕግም መልሱ፦ ከጭራቆቹ የመጀመሪያው ሲሞት፣ ከዚያም ግማሾቹ ሲወድቁ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጣሉ፤ ድምሩ ከሞራል ቁጥሩ ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። ለጎብሊን 7 ይበቃል፤ የመሸሽ ዕድሉ 42 በመቶ ገደማ ይሆናል። አምስተኛው እትም ይህን ከዋናው ሕግ ስላወጣው ብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ጭራቆች እስከ መጨረሻው እስትንፋስ ይዋጋሉ፤ የድሮ ጀብዱ ግን በዚያ መንገድ አልተሠራም።

ማምለጫ ዳይስ

ገጸ ባሕሪ ከመርዝ፣ ከድግምትና ከመሳሰሉት ለማምለጥ ዳይስ የሚጥልባቸው የድሮዎቹ አምስት ምድቦች በአዲሶቹ ስድስት ችሎታዎች ላይ እንዲህ ይቀመጣሉ፦ መርዝና የሞት አስማት በጽናት፣ በትርና ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ በቅልጥፍና፣ ወደ ድንጋይ መለወጥ በጽናት፣ የዘንዶ እስትንፋስ በቅልጥፍና፣ ድግምት ደግሞ እንደሚነካው ነገር፤ አእምሮን ከያዘ በጥበብ። ማለፊያ ቁጥሩን (ለማምለጥ መድረስ ያለበትን) ለዝቅተኛ ደረጃዎች ከ11 እስከ 13 አድርጉ።

"ካላመለጠ ይሞታል" የሚለውን መርዝ እንዳለ አታምጡ። በ2014ቱ መጽሐፍ የግዙፍ ሸረሪት መርዝ ማለፊያው 11፣ ጉዳቱ ሁለት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ነው፤ ያመለጠ ግማሹን ይወስዳል። ለሌሎች መርዞች ይህን መለኪያ ተጠቀሙ። ደረጃ የሚነጥቁ ሙታን ዛሬ የሚቀንሱት የሕይወት ነጥብ ጣሪያን ነው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ዋይት የቀነሰው ከአንድ ረጅም ዕረፍት በኋላ ይመለሳል። የድሮው ፍርሃት እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግሬተር ሬስቶሬሽን በሚባለው ድግምት ብቻ እንዲመለስ አድርጉ፣ ይህንንም ለተጫዋቾች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ወርቅ

በመጀመሪያው እትም ከዋሻው በሰላም የወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። ተዋጊ ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,001 ነጥብ ያስፈልገው ስለነበር ጸሐፊዎቹ ዋሻውን በወርቅ ሞሉት፣ ተጫዋቾቹም ውጊያን ሸሽተው ሣጥን ፈለጉ። ዛሬ ለሁለተኛ ደረጃ 300፣ ለሦስተኛ 900 ይበቃል፣ ነጥብ የሚሰጠውም ጭራቅን በማሸነፍ ነው። ወርቁን እንዳለ ከተዋችሁት 1,500 የሚያወጣው ሙሉ የብረት ጥሩር በሁለተኛው ቀን ይገዛል።

ወርቁን ሁሉ ለ10 አካፍሉ፣ የቀረውንም እንደ ድሮው የልምድ ነጥብ አድርጉ። 6,000 ሳንቲም 600 ይሆናል፤ አራት ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 150፣ ማለትም ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚወስደው መንገድ ግማሽ። በዚህ ስሌት መደበቅና መደራደር እንደገና ዋጋ ያገኛሉ። ከአስማት ዕቃዎች አንድ አምስተኛውን ብቻ አቆዩ፤ +4 ወይም +5 የነበረ ሰይፍ +3 ይሁን፣ የአዲሱ ሕግ ጣሪያ እሱ ነውና።

ዕረፍትና ካርታ

ድሮ አንድ ቀን ያረፈ አንድ የሕይወት ነጥብ ያገኝ ነበር። ዛሬ ስምንት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ወጥቶ መተኛት ይጀምራል። ሁለት መላ አለ። አንዱ በ2014ቱ የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ያለው አማራጭ ነው፤ አጭር ዕረፍት ስምንት ሰዓት፣ ረጅሙ ሰባት ቀን ይሆናል። ሌላው የቤዚክ ልማድ ነው፤ በዋሻው ውስጥ በየ20 ደቂቃው አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጣሉ፣ 1 ከወጣ የሚዘዋወር ጭራቅ ይመጣል።

በድሮ ካርታ አንዱ ካሬ አብዛኛውን ጊዜ 10 ጫማ ነው፣ በአዲሱ 5። አንዱን ካሬ አራት አድርጋችሁ ሳሉ፤ ይህ ከተረሳ መተላለፊያው ይጠብና ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም ያቅተዋል።

ከ3.5 ስታሻግሩ ቁጥሮቹ አይገለበጡም፣ ይወርዳሉ እንጂ፤ የቁልፍ ማለፊያ 30 ከነበረ 20 አድርጉት፣ 15 ግን እንደነበረ ይቆይ። ከአራተኛው እትም ስታመጡ የመደበኛ ጭራቆችን የሕይወት ነጥብ በግማሽ ቀንሱ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ያላቸውን ሚኒየኖች እንዳሉ ተጠቀሙባቸው።

መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ዋናው ሕግ በነፃ ይገኛል። ዋናውን ሕግ የያዘው ሰነድ ኤስአርዲ 5.1 በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፣ ለክለሳው የሚሆነው 5.2 በ2025 ተከትሏል። ፈቃዱ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ማሰራጨትንም ይፈቅዳል።

ከጨዋታው በፊት አንዱን ዋና ፍልሚያ ብቻችሁን ሦስት ዙር ሞክሩት። ከብዶ ወይም ቀልሎ ካገኛችሁት የሕይወት ነጥቡን ቀይሩ፤ የመከላከያ ቁጥሩን አትንኩ። መከላከያ በሁለት ሲቀየር የሁሉም ተጫዋች ዕድል በየምቱ 10 በመቶ ይንሸራተታል፣ የሕይወት ነጥብ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ስለሆነ በፍልሚያው መሀልም ማስተካከል ይቻላል።