ድንጋይ ላይ ቅጠል አየሁ ከማለትህ በፊት

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ከመንገድ ዳር ያነሳኋት አንዲት ድንጋይ ነበረችኝ። ላይዋ ላይ ጥቁር፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ የመሰለ ነገር አለባት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የጥንት ቅጠል» እያልኩ ሳሳይ ከረምኩ። ለካ ቅጠል አይደለም! ማንጋኒዝ ያለበት ውሃ በድንጋይ ስንጥቅ ሲሰርግ የሚጥለው ማዕድን ነው፤ ዴንድራይት ይባላል። ድንጋይቱ አሁን የበር መደገፊያ ሆናለች።

ስለዚህ ድንጋይ ላይ የቅጠል ቅሪተ አካል (የጥንት ቅጠል አሻራ) ያየህ ሲመስልህ መጀመሪያ የመሃል ጅማቱን ፈልግ። ከጓሮ አንድ የጌሾ ቅጠል ቀጥፈህ ከጎኑ አድርግና አስተያየው። መሃሉ ላይ አንድ ወፈር ያለ ጅማት አለ፤ ከሱ ግራና ቀኝ ቀጫጭኖቹ ተራርቀው ይወጣሉ፤ ዙሪያውም የራሱ ጠርዝ አለው። የሸንበቆ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጅማቶቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ዴንድራይት ይሄ ሁሉ የለውም፤ ከስንጥቁ ተነስቶ እንዳሻው ይበተናል። ካልለየልህ ማታ መብራቱን አጥፋና የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት። የቅጠል አሻራ ብዙ ጊዜ ጎድጎድ ወይም ከፍ ያለ ነገር ያሳይሃል፣ ዴንድራይት ግን እንደ ቀለም ልጥፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ ድንጋዩን እወቅ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ባዛልት) ቀልጦ የወጣ ስለሆነ ቅጠል አትጠብቅበት። ቅጠል የሚገኘው በስስ በስሱ በሚነባበር የጭቃ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጎንደር አጠገብ ጭልጋ የተገኙት ከ27 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ቅጠሎች እንዲህ ዓይነት ደለል ውስጥ ነው የቆዩት። የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ግን የባህር ወለል ነበር፣ እዚያ ዛጎል ነው የምታገኘው። የኖራ መሆኑን ለማወቅ ከስባሪው ትንሽ ፈጭተህ ሎሚ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ እሱ ነው። ሎሚውን አሻራው ላይ እንዳታደርገው ብቻ!

መሬት ላይ የወደቀ ግንድ መሳይ ነገር ካገኘህ ክብደቱን ለማየት ብቻ አንሳው። ከእንጨት በጣም ከከበደ፣ የእንጨት መስመሩ ከታየና ስባሪው ጠርሙስ ከጫረ፣ ወደ ድንጋይ የተለወጠ እንጨት ሊሆን ይችላል።

አትጠበው፣ በቢላ አትፋቀው። ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠህ ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን ጻፍ። ቅሪተ አካል በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ ስለሆነ ከመሬቱ ሳትነቅል ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገር።