ድብልቅ የሰፈር ቡድን እንዴት ይመሠረታል?

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ አመሻሽ ላይ ኳስ የማይንከባለልበት ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት ግን እዚያ ከታየ አንድም ተመልካች ነው፣ አንድም የወጣ ኳስ መላሽ። ከግቢ የማይወጡም አሉ። ይህን ለመለወጥ፣ ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው አብረው የሚጫወቱበት ድብልቅ ቡድን ለመመሥረት ስታዲየም አያስፈልግም፤ አንድ ኳስ፣ ጥቂት ፈቃደኛ ወጣቶችና የማይለዋወጥ የጨዋታ ቀን ይበቃሉ። ጨዋታው ግን የምር ይሁን። በረኛው አዝኖ ጎል የሚያስቆጥርለት ከሆነ ነገሩ ምጽዋት ነው፤ ተጫዋቹም ያውቀዋል።

ዘዴው የተፈተነ ነው። በዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር መሥራችነት በ1968 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ውድድሩን በቺካጎ ያካሄደው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ስፖርት የሚያዘጋጀው ስፔሻል ኦሊምፒክስ፣ ውስንነት ያለባቸውንና የሌለባቸውን በአንድ ማሊያ የሚያሰልፍ ጨዋታ አለው። አምስት ለአምስት በሚደረገው እግር ኳስ ሦስቱ ውስንነት ያለባቸው፣ ሁለቱ ውስንነት የሌለባቸው አጋሮች ናቸው። ለውድድር የሚቀበለው ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው። እርስዎም ይህንኑ ሦስት ለሁለት ይያዙ።

መጀመሪያ ቤተሰቦችን ያግኙ። በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የትኛው ቤት ማን እንዳለ ታውቃለች፤ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለም ይጠይቁ። ብቻዎን አይሂዱ። የቤተሰቡ የነፍስ አባት ወይም የእድሩ ዳኛ አብረው ቢገቡ በሩ ቶሎ ይከፈታል። “እማማ፣ የታመመውን ልጅዎን ልናይ ነው” አይባልም፤ ውስንነቱ በሽታ አይደለምና። “እማማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ አለን፣ ልጅዎ እንዲጫወትልን ፈልገን ነው” ይበቃል። ስሙን ጠይቀው በስሙ ይጥሩት፤ ሰፈሩ ያወጣለትን ቅጽል ለሰፈሩ ይተዉት። ቤተሰቡ ጠበል የሚያመላልሰው ከሆነ አይከራከሩ፣ ሰዓቱን ብቻ አያጋጩ። እናትየው “ይስቁበታል” ቢሉ ፍርሃታቸው ያዩትን ይዞ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመልካች የማይበዛበትን ሰዓት ይምረጡ፣ እሳቸውም መጥተው ይቀመጡ።

ቀጥሎ አጋሮችን መምረጥ ነው፤ ብዙ ቡድን የሚበላሸውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሰፈሩን ኮከብ አያምጡ። ኮከቡ ኳሷን ይዞ ሦስት ሰው ሲያልፍ ሌሎቹ ተመልሰው ተመልካች ይሆናሉ። በዕድሜም በችሎታም ለተጫዋቾቹ የሚቀርብ፣ ኳስ ብዙም የማይችል ግን መጫወት የሚወድ ልጅ ይሻላል። ከዚያ ሁሉንም አሯሩጠውና ኳስ አስመትተው ይዩአቸው፤ ፈጣኑን ከፈጣን፣ ዘገምተኛውን ከዘገምተኛ ጋር ያጋጥሙ። ተመጣጣኝ ቡድኖች ሲገጥሙ ማንም ለማንም መራራት አያስፈልገውም።

ሲያሰለጥኑ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ። በቃል ካልገባው ሠርተው ያሳዩት፤ ካልሆነ ትከሻውን ወይም እግሩን ነካ አድርገው ያመልክቱት፤ በመጨረሻ እጁን ይዘው አብረው ያድርጉት። እየቻለ ሲሄድ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይመለሱ፤ እጅ ይዞ መቅረት ልማድ እንዳይሆን። ልምምዱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ማሟሟቂያ ይጀምር። የሜዳውን መስመር በኖራ አድምቀው ያስምሩ። ኳሷ ፈጥና ካስቸገረች ትንሽ አየር ያስተንፍሷት።

ሩጫ ለማይሆንለት ቦቼ የተባለው ጨዋታ አለ። ሜዳው 18 ሜትር በ4 ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ትንሽ ኳስ ትወረወራለች፤ ሁለቱ ወገኖች አራት አራት ኳስ ይዘው ወደ እሷ ለመጠጋት ይፎካከራሉ። አሸዋ የተሞላ ካልሲም ያገለግላል። የገና ጨዋታንም ማላመድ ይቻላል፤ ሩሩ ከጨርቅ ይሁን፣ ዱላው ከጉልበት በላይ አይነሣ። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ያለ ሕዝብ እኩልነቱን ከጥንት ያውቀዋል፣ ዱላውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው።

ጥንቃቄውን አይዝለሉት። ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ የእድገት ውስንነት) ካላቸው መካከል የላይኛው የአንገት መገጣጠሚያቸው የላላ ስለሚገኙ፣ ሐኪም ሳያያቸው ኳስ በጭንቅላት መምታትና መገለባበጥ አይፈቀድም። የአንገት ሕመም፣ የእጅ መዛል ወይም የአረማመድ ለውጥ ከታየ ጨዋታው ይቁምና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚጥል በሽታ ያለበት መኖሩን ከቤተሰብ አስቀድመው ይጠይቁ። ቢጥለው ክብሪት ማሽተትም ሆነ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት አይገባም፤ ሹል ነገር ያርቁለት፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይም ቀልድ አይደለም፤ እዚያ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል።

ከጨዋታው በኋላ ወዲያው አይበተኑ። ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይቅረብ። አምበሉ ውስንነት ካለባቸው ከሦስቱ አንዱ ይሁን፤ ማሊያ የሚቆጥር፣ ውጤት የሚመዘግብ፣ ቡና የሚያድል ተብሎ ለእያንዳንዱ ሥራ ይሰጥ። ሜዳ ላይ የተዋወቀ ሰው በገበያ ቀን በስሙ ይጠራዋል። የሰንበቴው ወይም የእድሩ ሰዎች ግጥሚያ ሲያዩ ጠይቁን ሳይባሉ ይጠይቃሉ፤ ያኔ ድንኳን ሲተከል ወንበር የሚደረድረው ያው አጥቂ እንዲሆን ይንገሯቸው።

ክረምቱ ሲገባ አያቋርጡ። ለእነዚህ ተጫዋቾች የተለመደው ቀንና ሰዓት ከተቋረጠ መልሶ ማስለመድ ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ሲሆን የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ ያስፈቅዱ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር ያስምሩና ቦቼውን በዚያው ሰዓት ይቀጥሉ።