የጉጉት ጫጩት ከጎጆ ወጥታ መብረር ስትለምድ ለማየት

ጉጉት በብዙ ሰፈር ስሟ ክፉ ነው። ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሟርት ይሆንና ድንጋይ ይወረወርባታል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ጎጆዋን ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ዝም ማለት ነው። ቦታውን ለሰፈር ልጆች የነገረ ወንጭፍ ጠራ ማለት ነው።

ቀጥሎ የትኛዋ ጉጉት እንደሆነች ለዩ፤ አወጣጣቸው አንድ አይደለም። ፊቷ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው፣ ዓይኗ ጥቁር ከሆነ፣ ጣሪያ ሥር፣ መጋዘን ወይም የገደል ስንጥቅ ውስጥ የምትፈለፍለው ናት። ይህችኛዋ እንደ ሌሎቹ «ሁ ሁ» አትልም፤ ሻካራ ጩኸት ነው የምታሰማው። ግራጫ፣ በጣም ትልቅ፣ ዓይኗን ስትጨፍን ሮዝ ቆብ የሚታይባት ደግሞ የራሷን ጎጆ አትሠራም። የጭልፊት አሮጌ ጎጆ ትወርሳለች፤ ወይም ጣና ዳር ባሉ ዛፎች ላይ አንድ ቡናማ የውኃ ወፍ በእንጨትና በጭቃ የሚሠራውን ባለ ጣሪያ ግዙፍ ጎጆ አናቱ ላይ ትቀመጥበታለች። ሦስተኛዋ በጽድና በወይራ በተሸፈነ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ በዛፍ ጉድጓድ የምትፈለፍለው ቡናማዋ የደን ጉጉት ናት፤ አናቷ ክብ ነው፣ ጆሮ የሚመስል ላባ የላትም።

ጎጆ የሚፈለገው በቀን ነው፣ ያውም መሬት መሬቱን እያዩ። ግንዱ ወይም ግድግዳው ላይ እንደ ኖራ የፈሰሰ ኩስ፣ ከሥሩ ደግሞ የአይጥ ፀጉርና አጥንት የተጠቀለለበት አውራ ጣት የሚያህል ነገር ካያችሁ ጉጉቷ በላያችሁ ናት። ይህ ጥቅልል ኩስ አይደለም፤ ሆዷ ያልፈጨውን በአፏ ነው የምትተፋው። በእንጨት ብትፈለቅቁት የአይጧ የራስ ቅል ሳይሰበር ይገኛል። ከነካችሁት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ከሁሉ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ፤ ደግሞም ማታ የት እንደምትሰፍር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወር ቆጥሮ ከመሄድ ምልክት መከተል ይሻላል። ነጭ ፊቷ እንቁላሏን በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እየጣለች ወዲያው ስለምትታቀፍ ጫጩቶቹም የሚፈለፈሉት በየተራ ነው፤ አንዱ ጎጆ ውስጥ ትልቅና ትንሽ አብረው ታያላችሁ። የሚወጡትም በየተራ፣ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። ስለዚህ አንድ ምሽት ያመለጠው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ታናሽየዋ ገና ናት። ትልቋ ግራጫ ብዙውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ታደርሳለች፣ እሱም 9 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የደን ጉጉት ልጆች ግን በ5 ሳምንት ገደማ፣ በደንብ መብረር ሳይችሉ፣ እየተንጠለጠሉ ወደ ቅርንጫፍ ይወጣሉ። የነጭ ፊቷ ጫጩቶች ሲመሽ ጎጆው አፍ ላይ ቆመው ክንፋቸውን ሲያራግቡና ለስላሳው የልጅነት ላባ ተራግፎ ሲያልቅ ቀኑ ደርሷል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁን ያዙ። ከጣሪያ ጎጆ 20፣ ከዛፍ ጎጆ 30 ሜትር ራቁ፤ ጀርባችሁን ለግንድ ስጡ። ነጭ ጋቢ አትልበሱ፣ በድንግዝግዝ ከሩቅ ያጋልጣል፤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ግን ከፍታው ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። 8 በ42 የሆነ (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር) የሩቅ ማያ መነጽር ከበቂ በላይ ነው። ጨረቃ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲሆናት ምረጡ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀድማ ወጥታ ትጠብቃችኋለች። የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት፣ የካሜራ ፍላሽ አጥፉ። ጩኸቷን ከስልክ ማሰማት ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ባላንጣ መጣ ብላ ልጆቿን መመገብ ትታ እሱን ትፈልጋለች።

እናቲቱ ወይም አባትየው አይጥ ይዘው ራቅ ብለው ተቀምጠው ወደ ጎጆ ካልገቡ፣ ወይም ምንቃራቸውን ቀጭ ቀጭ ካደረጉ፣ ቀርባችኋል ማለት ነው። 20 ደቂቃ እንዲህ ካለፈ ተነሡ።

የመጀመሪያው በረራ አያምርም። ጫጩቷ ወደ ታች ትንሸራተታለች፣ የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ትስታለች፣ አንዳንዴም ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ከዚያ በምንቃርና በጥፍሯ ግንዱን እየቧጠጠች፣ በክንፏ እየተደገፈች ትወጣለች። ነጭ ፊቷ ልጆች ለመተኛት ለሳምንታት ወደዚያው ጎጆ ስለሚመለሱ ማየቱ አያልቅም። የትልቋ ግራጫ ልጅ ደግሞ መብረር ከቻለ በኋላም ወራት ሙሉ ምግብ ሲለምን ይሰማል።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት መሬት ላይ ባገኟት ጫጩት ነው። የደን ጉጉት ወይም የትልቋ ግራጫ ልጅ ሆና ላባዋ ከበቀለና ከቆመች አትንኳት፤ ወላጆቿ ባለችበት ይመግቧታል። ውሻ ወይም መኪና ካሰጋት ብቻ ልብስ ጣሉባት፣ ክንፏንና እግሯን አንድ ላይ ያዙ (ጥፍሯ ሥጋ ይበሳል)፣ ልጡ ሻካራ በሆነ ቅርብ ዛፍ ላይ 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ልሙጥ ባሕር ዛፍ ላይ ጥፍሯ አይይዝላትም። የነጭ ፊቷ ልጅ ግን ከዚህ ትለያለች። ከጎጆ ውጭ መሬት ላይ የወደቀችውን ወላጆቿ አብዛኛውን ጊዜ አይመግቧትም፤ መሰላል ካለ ወደ ጎጆዋ መልሷት። የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች የሚባለው እውነት አይደለም።

ጎተራ አጠገብ ጎጆ ካለ የአይጥ መርዝ አታስቀምጡ። አንዳንዱ መርዝ አይጧን ለመግደል ቀናት ይወስድበታል፤ በዚያ መሀል ዝላ የምትንቀዋለል አይጥ ለጉጉቷ ቀላል አደን ናት፣ መርዙም በእሷ በኩል ጫጩቶቹ ጋ ይደርሳል። የመጨረሻዋ ጫጩት ከወጣች በኋላም ወላጆቿ አንድ ወር ያህል ስለሚመግቧት እስከዚያ ወጥመድ ይበቃል።