«ጌታ የሰጠኝ ነው፤ አይነካብኝ»፦ ጽሕፈትን ጥሪ ያልን ሰዎች የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ወንድም ረቂቁን በክላሰር ይዞ ቢሮዬ መጣ። 280 ገጽ። የአንዲት ትንሽ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት አዘጋጅ ነኝና እንዲህ ያለ ክላሰር ለኔ ብርቅ አይደለም። «እህቴ፣ የፊደል ግድፈት ብቻ እዪልኝ፤ ሌላው ጌታ የሰጠኝ ስለሆነ አይነካም» አለኝ። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ምዕራፍ ሦስትና ምዕራፍ ሰባት አንድ ናቸው። ቃል በቃል። ስነግረው ፈገግ አለና «ሁለቴ ነግሮኝ ነዋ» አለኝ።

ሳቅሁ። ግን የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው ነው።

ጌታን ከእርማት መሸሸጊያ ማድረግ

ጥሪ የለህም አላልኩትም። እንዲያውም ያለው ይመስለኛል። የሌሊት ጥበቃ ሆኖ እየሠራ፣ በመብራት ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር የጻፈው ነው። ግን «ጌታ ሰጠኝ» የምትለዋ ቃል ከወጣች በኋላ ወሬ የለም። ማን ደፍሮ ጌታን ያርማል? ሰውየው ሳያስበው የራሱን ዓረፍተ ነገር ከራሱ በላይ ሰቀለው።

ሉቃስን እዩት። ወንጌሉን ሲጀምር ለቴዎፍሎስ የሚነግረው ስለ ራእይ አይደለም። ከዓይን ምስክሮች የተላለፈ ነገር እንዳለ፣ ብዙዎችም ከእርሱ በፊት ለመጻፍ እንደ ሞከሩ ይነግረዋል። ከዚያ «በጥንቃቄ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ» ይላል። በየተራው ሊጽፍለትም መልካም ሆኖ ታየው። መንፈስ ቅዱስ የሌለበት ሥራ ነው የሚል ክርስቲያን የለም። ግን «ተከትዬ» ነው ያለው። መከታተል እግር ያደክማል።

የኛዎቹ ቁም ጸሐፊዎችም ብራና ላይ ሲሳሳቱ በቢላ ፍቀው ያርሙ ነበር። ያውም ዳዊት ሲገለብጡ! ዳዊት ሲጻፍ የተፋቀ እንደሆነ የኔና የእናንተ ምዕራፍ ሦስት ምን ስለሆነ አይፋቅም?

አንድ ነገር ልጨምር። አርታኢም ይሳሳታል። እኔ ራሴ የጣፈጠ አንቀጽ ቆርጬ ጥዬ በኋላ ይቅርታ የጠየቅሁበት ጊዜ አለ። ተከራከሩ። ብቻ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ተከራከሩ እንጂ እግዚአብሔርን ምስክር አትጥሩ።

«ሲመጣልኝ እጽፋለሁ»

አይመጣም። ቢመጣም ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን ወደ አማርኛ የተመለሰው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ካይሮ ውስጥ፣ አስሊን ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ጋር ተቀምጦ ነው የሠራው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። በእነዚያ ቀናት በሩ ለእንግዳ ዝግ ነበር። እንዲህ እያሉ 10 ዓመት ሄዱ። ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ።

አቡ ሩሚ በ1819 እ.ኤ.አ. እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። አራቱ ወንጌላት የታተሙት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ነው። እሱም የወጣው በሌሎች እጅ ታርሞ ነው። ሰውየው አንዲት የታተመች ገጽ አላየም። ዛሬ «መንፈሱ አልመጣልኝም» ብዬ ላፕቶፔን ስከድን ያ የማክሰኞ በር ትዝ ይለኛል።

ሁሉን ነገር ስብከት ማድረግ

ልብ ወለድ ይመጣልኛል። ገጸ ባሕርይዋ ደሃ ናት፣ ትከዳለች፣ ትታመማለች። ገጽ 90 ላይ ትጸልያለች፤ ገጽ 92 ላይ ቪትዝ ትነዳለች። አንባቢ ሞኝ አይደለም። ጸልዮ ቪትዝ ያልመጣለት ስንት ሰው አለ? ያ ሰው መጽሐፉን ሲዘጋ የሚቀርለት እፍረት ብቻ ነው።

በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም። ግን ንጉሡ እንቅልፍ ያጣባትን ሌሊት ስታነቡ ማን እንደ ነቀነቀው ታውቃላችሁ። ደራሲው አንባቢውን አመነው። እኛ ግን የምናምነው ቃለ አጋኖ ነው።

ቋንቋውም ያው ነው። «ከፍታ»፣ «ቅባት»፣ «የመለኮት ጉብኝት» የሚሉት ቃላት በኛ አዳራሽ ውስጥ ይሞቃሉ። ታክሲ ውስጥ የሚያነብ ሰው ግን ምን ማለታችሁ እንደሆነ አያውቅም። ዕንባቆም ራእዩን እንዲጽፍ ሲታዘዝ አንባቢው እንዲፈጥን አድርጎ እንዲገልጠው ነው የተነገረው።

የሰው ገበና «ምስክርነት» ብሎ ማውጣት

ይህ አጭር ነው። ጓደኛችሁ ለጸሎት ብላ የነገረቻችሁ ነገር የእናንተ ታሪክ አይደለም። ስሟን መቀየር አይበቃም፤ ሰፈሯንና ሥራዋን ከጻፋችሁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጠይቋት። እንቢ ካለች አይጻፍ። ለእግዚአብሔር ክብር ነው ብላችሁ አታባብሏት።

በእምነት ስም በዕቁብ ገንዘብ ማተም

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው። 1,000 ኮፒ። 300 ይበቃል ያለኝ ሰው ነበር፤ «እምነትህ ትንሽ ነው» አልኩት። ምረቃው ደመቀ። ለስላሳ ተጠጣ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ 140 ኮፒ ተሸጠ። አዟሪዎቹ ጥቂት ወሰዱና መለሱልኝ። የቀረው በካርቶን ሆኖ አልጋዬ ሥር ገባ። እናቴ ሁለቱን ካርቶን አነባብራ፣ ጨርቅ አልብሳ ረከቦት አስቀመጠችበት። እስከ ዛሬ ቡናችንን የምንጠጣው በመጽሐፌ ላይ ነው።

ያኔ በእግዚአብሔር ተማምኜ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የተማመንኩት በቁጥሩ ነበር። 1,000 ከተሸጠ ጠርቶኛል፤ ካልተሸጠ አልጠራኝም። ጥሪዬን በአዟሪ እጅ ነው ያስያዝኩት። ስለዚህ ካርቶኑ ሲመለስ ዓመት ከምናምን ብዕር አላነሳሁም።

ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲገባ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ደመወዝ ያላችሁ ሰዎች ደመወዛችሁን ያዙ። ማለዳ አንድ ሰዓት ጻፉ። መጀመሪያ አነስ አድርጋችሁ አትሙ፤ ካለቀ ይደገማል።

ላይክ መቁጠር

ላይክ መቁጠር ሲያምራችሁ ባሮክን አንሡ። የኤርምያስ ጸሐፊ። ኤርምያስ እየነገረው ክርታሱን በሙሉ በቀለም ጻፈ። ንጉሥ ኢዮአቄም ግን እሳት እየሞቀ ተቀምጦ፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በቢላ እየቀደደ እሳቱ ውስጥ ጣለው። እስኪያልቅ። የባሮክ እጅ ሥራ አመድ ሆነ።

ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ሌላ ክርታስ ውሰድና የቀደመውን ሁሉ ጻፍበት የሚል ነው። ባሮክ ተቀምጦ ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ዛሬ እኛ የምናነበው ከቃጠሎ በኋላ የተጻፈውን ነው።

ለዚሁ ለባሮክ ለብቻው የተነገረው ቃል ምዕራፍ 45 ላይ አለ። አምስት ቁጥር ብቻ ነው። «ለራስህ ታላቅን ነገር ትፈልጋለህን? አትፈልግ» ይለዋል። መጀመሪያ ሳነበው ጨካኝ መሰለኝ። ደክሞት «ወዮልኝ» ላለ ሰው እንዲህ ይባላል? አሁን ግን ማሳረፊያ ሆኖ ይሰማኛል። መታወቁን ከትከሻው ላይ አነሣለት፤ ነፍሱን ግን እንደሚሰጠው ነገረው። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ለጥፌ በየአምስት ደቂቃው ስንት ሰው አየው እያልኩ ስከፍት፣ ሸክሙን መልሼ እየጫንኩት ነው።

የክላሰሩ ወንድም ባለፈው ጥቅምት ተመልሶ መጣ። ክላሰሩ ያው፣ ጥግ ጥጉ የተላጠው። ውስጡ ግን 150 ገጽ ገደማ ነው። «ምዕራፍ ሰባትስ?» አልኩት።

«ፋቅሁት» አለኝ። ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።